ጾምዎን ለእኔ ይስጡኝ

እምድብር፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገዳሙ፣ ደብረ ኤልያስ፤

እንደምን ሰነበቱ እንዳልል፣ እንዴት እንደ ሰነበቱ እኅቴ ወለላ ነግራኛለች። እንዳልተወው ደግሞ ልጅ ነኝና አፌ እንቢ አለኝ። እንደምን ሰነበቱ አባቴ? ላለፉት ሦስት ዓመታት የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ሳይከፍቱ ከመጻሕፍትዎ ሥር እንደሚያስቀምጧቸው አውቃለሁ። አለመቅደድዎን እንደ በጎ ነገር ቆጥሬው ኖሬአለሁ። ይህን ግን እባክዎን ይክፈቱት።

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት በተኙ ጊዜ አለመምጣቴን ይቅር ይበሉኝ። አላወቅሁም ነበር። እኅቴ የነገረችኝ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው፤ «እንዳትነግሪያት ብለው አስምለውኝ» አለች። ትናንት ኔትወርክ ሲመጣላት ደግሞ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ጾሙ በገባበት ጠዋት ያቀረበችልዎትን ወተት «ለጥጃው መልሺለት» ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዞሩ አሉ።

አባቴ፣ ይህን የምጽፈው ካቶሊክ ሆኜ አይደለም፤ ነርስ ሆኜ ነው። ጨጓራዎ ቆስሎ ብዙ ደም ፈሷል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ወተቱና እንቁላሉም የታዘዘው አቅምዎን እንዲመልስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድዎን ውለው ከዚያ ሽሮ ቢቀምሱ ቁስሉ እንደገና ሊደማ ይችላል። ያን ጊዜ ማርቆስ የሚያደርሰው መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል?

እባክዎን ይጠጡ።

ልጅዎ አመተ ማርያም


ደብረ ኤልያስ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአመተ ማርያም፤

ደብዳቤሽን ከፈትሁት። ስላዘዝሽኝ አይደለም። ሾፌሩ አበረ «መልስ ሳልቀበል እንዳልመለስ ተለምኛለሁ» ብሎ ከደጄ ተቀምጦ ጠላችንን ሊጨርስብን ስለሆነ ነው።

ወለላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትለጥፍብኝ ለምን እንደምገፋው ጠይቀሻታል አሉ። መልሱ አጭር ነው። ድምፅሽን የሰማሁ እንደሆነ እረታለሁ። በጽሑፍ ግን እንከራከራለን፤ በጽሑፍ የረታኝ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ሳላውቅ የምጾም አይምሰልሽ። የንስሐ አባቴ ቄስ ሙላት ቅዳሜ መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፣ ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣ» ብለውኛል። «እርስዎ ፈትተውኛል፤ እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስልሳ አምስት ዐቢይ ጾም አንድም ሳላጓድል ጾሜአለሁ። ልጄን ካቶሊክ ወሰደብኝ፤ ጾሜን ደግሞ ሐኪም ሊወስድብኝ ነው? ሱስንዮስ ዘውድ ጭኖ፣ ጦር አስከትሎ ያልሆነለትን አንቺ በአንድ ወረቀት ልታደርጊው አስበሻል። ከእሱ ይልቅ አንቺ ደፋር ነሽ።

እኔም ልጠይቅሽ። ለመሆኑ ምን ሰጥተው ወሰዱሽ? እዚህ ያለው ሰው ዱቄትና ዘይት ነው ይላል። እኔ «የእኔ ልጅ ለዱቄት አትሄድም» ብዬ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ፤ እውነቱን ግን አላውቅም። እነዚያ ሰዎችሽ ጾም ያውቃሉ? በምን ቋንቋ ነው የሚቀድሱት? ይህን የምጠይቀው ለክርክር እንዲመቸኝ ነው።

ደብዳቤው ያጠረው ስለ ተቆጣሁ አይደለም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ገዳሙ


እምድብር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

እጅዎ እየተንቀጠቀጠም ፊደልዎ አንዱ ከአንዱ አልተጋጨም። ደብዳቤውን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ከመጀመሪያው ይልቅ «እኔም ልጠይቅሽ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት።

ዱቄትም ዘይትም አልሰጡኝም። እዚሁ እምድብር ተማሪ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሽሽት ወደ አንድ ትንሽ ጸሎት ቤት ገባሁ። በግዕዝ ይቀድሱ ነበር። አባቴ፣ ቤት ተዘግቶ እርስዎ ከውስጥ የሚያዜሙ መሰለኝ። ከአገሬ በወጣሁ በሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ እየተመላለስሁ ቀረሁ። ምክንያቱን ከዚህ የበለጠ ላሳምረው እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የሳምንቱ ስም እንኳ አንድ ነው፤ ያለፈው እሑድ እዚህም ምኩራብ ነበር።

ስለ ጾሙ አልዋሽዎትም። የእኛ ሥርዓት ቀለል ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ቅለቱ አሳፈረኝ። ምን እንደበላሁ የሚያይ ጎረቤት የለም፣ ድስቴን የሚያሸት የለም። የተነጠቅሁ ያህል ተሰማኝና ለንስሐ አባቴ ለአባ አበባው ሄጄ «ጾሜ ጠፋኝ» አልኋቸው። ሣቁብኝ። «አንቺ ቅቤ መተው አይከብድሽም። ምላስሽን ጹሚ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጾም ለእኔ ይህ ነው፤ ሰው ሲያናድደኝ የምመልሰው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ እያለ መዋጥ። የሚዋጠው ቃል ሆዴ ውስጥ ይንከባለላል። ቀስ ብሎ ደግሞ ያናደደኝ ሰው ያሳዝነኛል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ችዬ አላውቅም። ዘንድሮ ዘጠኝ ቀን ደርሼ ከአንዲት አስታማሚ ጋር ክፉ ቃል ተነጋገርሁና አፈረስሁት፤ እንደገና ጀመርሁ።

ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል እናደርጋለን። የጌታን የመከራ ጉዞ ከቦታ ቦታ እየሄድን፣ ዐሥራ አራት ጊዜ እየተንበረከክን እናስባለን። አምስተኛው ላይ ቀሬናዊው ስምዖን መስቀሉን ያግዘዋል። ባለፈው ዓርብ እዚያ ስደርስ መነሣት አቃተኝ። ጌታ እንኳ ሲደክመው ሌላ ሰው ተሸከመለት፤ አልከለከለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ጾምዎን ለእኔ ይስጡኝ። ያለ ቅባት፣ ያለ ወተት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ እንደ ደብረ ኤልያስ አድርጌ በእርስዎ ስም እጾመዋለሁ። እርስዎ በእኔ ስም ይጠጡ። ሰዓቱን ብቻ ይንገሩኝ።

አመተ ማርያም


ደብረ ኤልያስ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአመቴ፤

ጾም በቅሎ አይደለም፣ አይዋስም።

ይህን ጽፌ ደብዳቤውን ልዘጋ ነበር። ሳልዘጋው ሁለት ቀን አደረ። ስለ ስምዖን የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብሁትና ተበሳጨሁ። የእኔን ምላስ ወርሰሽ እሱን ጹሚ ያሉሽ ቄስ ግን ዐዋቂ ናቸው። ቅቤ መተው ከዚያ ይቀላል። እኔም ብሞክረው ከቁርስ በፊት አፈርሰዋለሁ።

ሰዓቱን ጠይቀሻል። የእጅ ሰዓት አትመኚ። እኔን የኔታ ያስተማሩኝ በጥላ ነው። ከቀትር በኋላ ሜዳ ላይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ የራስሽ ጥላ ጫፍ የት እንዳረፈ ምልክት ያዢ፤ ከቆምሽበት ተነሥተሽ ተረከዝ ከጣት እያገናኘሽ በእግርሽ ስፈሪው። ሰባት እግር ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወደ ሚያዝያ ሲጠጋ ስድስት ተኩል ይበቃል። ረጅሙም አጭሩም ሰው በራሱ ጥላ፣ በራሱ እግር ነው የሚሰፍረው። ይህን የነገርሁሽ ስለ ጠየቅሽ ነው፤ ጾሜን ሰጥቼሽ አይደለም።

የማልሰጥሽም በክፋት አይደለም። ሰው ሲጾም የሚለምነው ነገር አለው። እኔ ምን ለምኜ እንደምጾም ሳታውቂ ብትሸከሚው ሸክሙ በየት በኩል እንደሚያጋድል አታውቂም። እኔም አልነግርሽም። ወለላንም አትጠይቂያት።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእኔዋ እንኳ ከደጅ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ስትታለብ እሰማታለሁ። ሰውነቴ ቀሎኛል። ከበሮው ለጾሙ ስለተሰቀለ ተማሪዎቹ በባዶ ድምፅ ሲያዜሙ ከማዶ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ እነሱ ካቆሙም በኋላ ይሰማኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እናትሽ ከበሩ ቆማ አየኋት። የሞተች መሆኗን አውቄአለሁ፤ አልደነገጥሁም። ሰዓቱን ላውቅ ብዬ ጥላዋን ፈለግሁ። ጥላ አልነበራትም። ምን ሰዓት እንደሆነ ሳላውቅ መሸ።

ወተቱን አልጠጣሁም።

አባትሽ


እምድብር፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

ወለላን አትጠይቂያት ስላሉኝ ጠየቅኋት። ይቅር ይበሉኝ፤ እሷንም ይቅር ይበሏት። እናታችንን ከበር ቆማ እንዳዩ ሳነብ ለበሽተኛ ያዘጋጀሁትን መርፌ አስቀምጬ ስልኩን አነሣሁ። በሽተኛ እንዲህ ማየት ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ።

ሁሉንም ነገረችኝ። ካቶሊክ መሆኔን በሰሙ ሰሞን ኤልያስ ደጅ ሄደው «ሦስት ዐቢይ ጾም ከነአክፍሎቱ ሳላጓድል እጾማለሁ፤ ልጄን መልስልኝ» ብለው ተስለዋል። ሁለቱን ጾመዋል፤ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳይቀምሱ። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። «አሁን ብፈታው ልጄ በዚያው ቀረች ማለት ነው» ብለዋታል።

ተናደድሁ። በዚያ ቀን ምላሴን አልጾምሁም፤ ወለላ ላይ ጮህሁባት፤ እርስዎ ላይም በሌሉበት ጮህሁብዎት። አባቴ፣ እኔን ለመመለስ ሲሉ ቢሞቱ የምመለሰው ወደ ማን ነው? ይህን አላሰቡትም? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠልተውኝ መስሎኝ ነበር። የሚወደኝ ሰው በየዓመቱ በረሃብ እየተሰቃየልኝ እንደሆነ ከማወቅ፣ ቢጠሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን ሜዳ ወጥቼ ጥላዬን ሰፈርሁ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ጾምዎን ይዤዋለሁ፤ ፈቀዱም አልፈቀዱም። ልመናዎንም አውቄ ይዤዋለሁ። ጥላው ሰባት ሲሞላ «ጌታ ሆይ፣ መሪጌታ ገዳሙ ልጄን መልስልኝ ይላሉ» እላለሁ። ምንም አልጨምርበትም፣ ምንም አልቀንስበትም። እኔ ባለሁበት ደስ ብሎኛል፣ መመለስ አልፈልግም። ልመናዎን ግን እንደ ታማኝ መልእክተኛ አደርሳለሁ። ይህ ለእኔ ምን እንደሆነ ይወቁልኝ። በየቀኑ እፈራለሁ፤ ጌታ ይሰማኝ ይሆናል ብዬ።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ ይሳሳል። የበሽተኞቹ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው እንሰት ነፋስ ሲነካው ጥላው ጥላዬ ላይ እየወደቀ ያሳስተኛል፤ ፈቀቅ ብዬ እንደገና እቆማለሁ። በነጩ የሥራ ጫማዬ አንድ፣ ሁለት እያልሁ ስሰፍር ዘበኛው አይቶኝ «ሲስተር መሬት እየገዛሽ ነው?» አለኝ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ እርስዎም እዚያ ቆመው የሚሰፍሩ ይመስለኛል። የሁለታችን ጥላ በአንድ አቅጣጫ ይረዝማል።

አሁን አንድ ጾም ላይ ሁለት ሰው ነን። አንዳችን መቅረት አለብን፤ እኔ አልቀርም።

አመተ ማርያም


ደብረ ኤልያስ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአመቴ፤

ጫማሽን አውልቂ።

በእግርሽ ስፈሪ አልሁ እንጂ በነርስ ጫማ ስፈሪ መቼ አልሁሽ? ጫማ ከእግር ይረዝማል። ሰባቱን ስትሞዪ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሩብ ሰዓት ሆኗል። እኔ ካልሁሽ አስበልጠሽ ስትጾሚ ሰነበትሽ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ብትሆኚ ኖሮ በአርጩሜ ነበር የምመልስሽ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ብቻዬን ስስቅ ወለላ አእምሮዬን የሳትሁ መስሏት ሮጣ መጣች።

ስለ ስእለቱ ዛሬ አልናገርም። ማወቅሽን አውቄአለሁ፤ ይበቃል። ስለ ወተቱ ግን ልንገርሽ።

ቅዳሜ ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልሁ። ከቀትር በኋላ ዱላዬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ጥላዬን ልሰፍር ነው። ቆምሁ። ጥላው ሲወዛወዝ አየሁና ነፋስ ነው አልሁ። ነፋስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የምወዛወዘው። ወለላ ደግፋ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችኝ። እዚያ ተቀምጬ አሰብሁ፤ አሁን በዚች ሰዓት ልጄ በማላውቀው አገር፣ በእኔ ስም ተርባ፣ ለእኔ ልመና ቆማለች። የማትፈልገውን ልመና። እኔም እዚህ ተርቤአለሁ። ሸክሙ አንድ፣ ተሸካሚው ሁለት፤ አንዱ ትርፍ ነው። ትርፉ ደግሞ መቆም ያቃተው ነው።

«አምጪው» አልኋት። ወለላ ምን እንደምል አልገባትም ነበር። ሲገባት ሮጠች፤ ግማሹን መንገድ ላይ ደፋችው።

አንቺ ልጅ፣ ወተቱ ጣፈጠኝ። ያስለቀሰኝም እሱ ነው። ቢመረኝ ኖሮ መድኃኒት ጠጣሁ ብዬ እጽናና ነበር። ስልሳ አምስት ዓመት በዚህ ወር ወተት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። በመጋቢት ላሞቹ የሚበሉት ሣር ነው መሰለኝ፣ ደረቅ የእርሻ ሽታ አለው። ጠጥቼ ተኛሁ። በሕልሜ ሰፊ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ እያንዳንዱ የሌላውን ጥላ ይሰፍራል። የእኔን ማን እንደሚሰፍር ለማየት ዞር ስል ነቃሁ።

አሁን በቀን ሁለት ጊዜ እጠጣለሁ። እንቁላሉንም ጀምሬአለሁ። መድኃኒቱ አልጎረበጠኝም።

አባትሽ ገዳሙ


እምድብር፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

ደብዳቤዎን በመስኮት ዳር ቆሜ አነበብሁትና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ወለላ አንድ ኩባያ ሞልታ ትስጥዎት፤ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ እንጂ በፊት እንዳይወስዱ፤ አቅምዎ ሲመለስ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ።

ጫማዬን አውልቄአለሁ። ዘበኛው «መሬቱ አንሶሽ ነው የምትለኪው?» አለ፤ ዋጥ አደረግሁለት። የምላስ ጾሜም እንደገና ከተያዘ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ከዚህ በፊት ደርሼበት አላውቅም። መራብ ሳይረዳኝ አልቀረም። የተራበ ሰው ለክርክር አቅም የለውም።

አሁን ወተቱን ስለጠጡ ደስ ብሎኝ የልመናውን ነገር ብተው ማጭበርበር ይሆንብኛል። ስለዚህ አልተውሁትም። በየቀኑ «ልጄን መልስልኝ ይላሉ» እላለሁ። እስከ ዛሬ ያው ነኝ፤ የዛሬ ሳምንት የነበርሁት ነኝ። እሑድ እሑድ ወደዚያችው ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። ይህን ባልነግርዎት ደስ ባለዎት ነበር፤ ግን ወተቱን ያስጠጣሁዎ በተስፋ አታልዬ እንዳይሆን እፈራለሁ። አክፍሎቱንም እይዘዋለሁ፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ።

ለትንሣኤ የአምስት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። የት እንደማሳልፈው አላወቅሁም።

አመተ ማርያም


ደብረ ኤልያስ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተ ማርያም፤

ያልጠየቅሽኝን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ።

በኒቆዲሞስ እሑድ ዱላዬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከታመምሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ቄስ ሙላት ከሩቅ አይተውኝ ከማኅሌቱ መካከል የቆየውን ቦታዬን በእጃቸው አሳዩኝ። አልገባሁም። መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፣ ተፈትተሃል፣ ግባ» አሉኝ። «ወተት ጠጥቻለሁ፤ ከደጅ ነኝ» አልሁ። ቢቆጡም አልሰማኋቸው። ይህ የእኔ ሕግ ነው፤ ማንም አልጣለብኝም።

ከአጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ሥር ቆምሁ። እዚያ የሚቆሙት ሕፃን የሚያጠቡ እናቶች፣ የበሉ ሰዎች፣ አርፍደው የመጡ፣ የተጣሉ፣ ያፈሩ ናቸው። ስልሳ ዓመት ከውስጥ ስጮህ እነዚህ ሰዎች መኖራቸውን አላሰብሁም ነበር። ዜማውን ከውጭ ሰማሁት። ከግንቡ አልፎ ሲመጣ ይለሰልሳል፤ ማን እንደሚያዜመው አይለይም። ዐይኔን ጨፈንሁ። አንቺ የዚያን ቀን በዚያች ጸሎት ቤት የሰማሽው እንዲህ ነበር ለካ። አለቀስሽ ብዬ አልፈርድብሽም።

ስእለቱን አልሻርሁትም። ልመናዬንም አልቀየርሁትም፤ ቀሪውን አንቺው አድርሺልኝ። እውነቱን ስለ ነገርሽኝ አልተከፋሁም ብል እዋሻለሁ፤ ተከፍቼአለሁ። ሌሊቱን ግን ተኛሁ። ምን እንደሚመልስልኝ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ የለመንሁት መስሎኝ ሌላ ለምኜ ይሆናል።

አሁን ለጥያቄሽ። ነይ። አበረ ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ ቦታ እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። ሉማሜ ላይ ሲያቆም ወርደሽ ሻይ ጠጪ፣ ዳቦም ብዪ። አክፍሎቱን መንገደኛ አይችለውም፤ ፈትቼሻለሁ። መሪጌታ መፍታት አይችልም ካልሽኝ፣ አባት ይችላል።

ለትንሣኤ ወደ ውስጥ እንደማያስገቡሽ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔም አልለምንልሽም። ከደጅ ግን የሚከለክልሽ የለም። እኔ ከወይራው ሥር ነኝ። ከጎኔ የአንድ ሰው ቦታ አለ፤ ወለላ ጋቢዬን ታነጥፍበታለች። አገሩ ሁሉ ዞሮ እንደሚያየን አውቄአለሁ። «ይቺ ማን ናት?» ቢሉኝ የምመልሰውን ከአሁኑ ይዤአለሁ፤ ልጄ ናት፣ ጾሜን የጾመችልኝ።

አባትሽ